ባለቤቴ ከአልጋው ላይ ዑምራ ሊሄድ ሲነሳ

መጀመሪያ የመጣው አልጋው ነው። ሰው ሳይመጣ አልጋ መጣ። ሁለት ጎረምሶች ተሸክመውት ገቡ፣ ሶፋዬን ወደ ግድግዳ ገፉና ሳሎኑ መሀል ተከሉት፣ ኤሌክትሪክ ሰኩለት፣ ራስጌው ከፍ ዝቅ ሲል አሳዩኝ። ስልክ አውጥተው ፈርሚ አሉኝ። እኔ መጻፍ የት አውቄ፣ ጣቴን መስታወቱ ላይ ጎተት አደረግኩላቸውና ሄዱ። ከዛ የኦክስጅን ማሽኑ መጣ። ከዛ ዳይፐር በካርቶን፣ ጓንት፣ ባለጎማ ወንበር፣ ፍሪጅ ውስጥ የሚቀመጥ የመድኃኒት ሳጥን። ይሄ ሁሉ በነፃ።

ልጄን፣ እናትሽን፣ «ማነው የሚከፍል?» አልኳት።

«ኢንሹራንሱ ከቨር ያደርገዋል እማ። አትጨነቂ።»

አልተጨነቅኩም፣ ጠረጠርኩ እንጂ። መኪና ላቆሙበት መሬት የሚያስከፍል የአሜሪካ አገር ለአንድ ሽማግሌ ይሄን ሁሉ ሲሰጥ ምን ፈልጎ ነው? ይሄን እንዳልኩት ጻፊው፣ አታሳምሪው። አንቺ ያኔ ኬኔሶ ዩኒቨርሲቲ ነበርሽ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣሽ አያትሽን ስመሽ ትሄጃለሽ እንጂ ቤቱ ውስጥ የነበረውን አላየሽም። ለዛ ነው የምነግርሽ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሳንዲ ስፕሪንግስ ያለው ሆስፒታል ስንመላለስ ከረምን። ሳንባው ላይ የወጣው ነገር ወደ አጥንቱም ሄዷል፣ ከእንግዲህ መድኃኒት አይመልሰውም ብለው ለእናትሽ ነገሯት። እሷ ደግሞ ለኔ መኪና ማቆሚያው ውስጥ ነገረችኝ፣ መሪውን ይዛ፣ ሳታየኝ። ቤቱ ሆኖ ሕመሙ እንዳይጠናበት የሚረዱ ሰዎች ይመጣሉ፣ ሆስፒስ ይባላል አለችኝ። ቃሉን ያን ቀን ነው የሰማሁት።

ለሱ አልነገርነውም። እኛ ዘንድ ልትሞት ነው ተብሎ ለበሽተኛ አይነገርም። ለጤነኛ ሰው እንኳ መርዶ ሲነገር በስንት ዘዴ ነው፣ ሰው ተሰብስቦ፣ ምግብ ቀምሶ፣ ጎህ ሳይቀድ ነው። ሐኪሟ ግን እሱን ሳልጠይቅ አይሆንም አለች፣ በስልክ አስተርጓሚ አድርጋ «ስለ ሕመምዎ ምን ያህል ማወቅ ይፈልጋሉ?» አለችው። እሱም «ለልጄ ንገሯት፣ እኔ ስለ በሽታ ምን አውቃለሁ» አላት። በቃ። እኛም ሳንባህ ውሃ ቋጥሯል፣ መድኃኒቱ ቀስ እያለ ያደርቀዋል አልነው። እሺ አለ። ጠዋት ጠዋት እኔ «ዛሬ ፊትህ ተሽሎሃል» እለዋለሁ፣ እሱ «አልሃምዱሊላህ» ይላል። እንዲህ አድርገን ያዝነው።

ከዛ ሰዎቹ መምጣት ጀመሩ። ነርሷን አልጠረጠርኳትም፣ ትነካዋለች፣ ትለካዋለች፣ ጀርባው እንዳይቆስል ታገላብጠዋለች፣ ሥራዋ ይታያል። ሶሻል ወርከር የሚሏት ግን መጣችና እሱን ትታ እኔ አጠገብ ቁጭ አለች። እንቅልፍ ትተኛለች ወይ፣ ማን ያግዛታል፣ ምን ያስፈራታል ብላ በእናትሽ በኩል ትጠይቀኛለች። የታመመው እሱ፣ የምጠየቀው እኔ። ከዛ «እዚህ ቤት ስንት ሰው ይኖራል?» አለች። ነቃሁ። ያኔ ሊዙ፣ የኪራይ ውሉ ላይ ስሙ የሌለ ዘመድ እኛ ጋ ይተኛ ነበረ። እንደሄደች ፍራሹን አጥፌ ቁምሳጥን ውስጥ ከተትኩት። እናትሽ ሳቀችብኝ። «እማ፣ እሷ እኮ የአፓርትመንቱ ሰው አይደለችም።» ማን ያውቃል።

ከሷ ቀጥሎ ነው ረጅሙ ሰውዬ የመጣ። ጥቁር አሜሪካዊ ነው፣ በሩን ጎንበስ ብሎ ነው የሚገባ። ሹራብ ለብሷል፣ በእጁ ስልክ ብቻ ይዟል። ቻፕሊን ነው አለችኝ እናትሽ።

«ምንድነው እሱ?»

«የሃይማኖት ሰው ነው እማ። ለታመሙ ሰዎች።»

«የየትኛው ሃይማኖት?»

«የሁሉም።»

እንግዲህ አስቢው። እኔ ክርስቲያን ፈርቼ አላውቅም። የእናቴ ወንድም ዲያቆን ነበረ፣ ወሎ ውስጥ አንድ ቤት አንዱ ይሰግዳል፣ አንዱ ይሳለማል፣ ለሰርግ ሁለት ዓይነት ሥጋ ይታረዳል። ቄሱ ቄስ ነው፣ ሼሁ ሼህ ነው፣ ከሩቅ ታውቂዋለሽ፣ እንዳስፈላጊነቱ ትጠነቀቂለታለሽ። ይሄ ሰውዬ ግን መስቀል የለው፣ ጥምጣም የለው፣ መጽሐፍ አልያዘ። የሁሉም ነኝ ብሎ የደከመ ሽማግሌ አልጋ አጠገብ የሚቀመጥ ሰው ምን ሊወስድ መጣ? እኔ የመሰለኝ፣ አያትሽ አቅም ሲያጣ፣ አፉ ሲዝል ጠብቀው ሃይማኖቱን ሊያስለውጡት ነው።

ስለዚህ ወደ አልጋው ሳላስጠጋው ኩሽና ወሰድኩት። እናትሽ ሥራ ነበረች፣ ኮንየርስ ያለው መጋዘን። እሱ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አደረገና ደወለ፣ የሴት ድምፅ በአማርኛ መጣ።

«ጤና ይስጥልኝ። አስተርጓሚ ነኝ። የሚባለውን ሁሉ እተረጉማለሁ፣ የሰማሁትም በሚስጥር ይያዛል።»

«የማን ልጅ ነሽ?» አልኳት።

«ይቅርታ እናቴ፣ ስለራሴ መናገር አይፈቀድልኝም።»

«አትላንታ ነሽ?»

እሱን መመለሱን ትታ ለሰውየው በእንግሊዝኛ ነገረችው፣ እሱም ፈገግ አለ። ድምፅዋን አጤንኩት። ደሴም ትመስላለች፣ አዲስ አበባም ትመስላለች። መስጊድ አይቻት ይሆናል፣ ገበያ አይቻት ይሆናል። እኛ ከገዛ ዘመዶቻችን የደበቅነውን ነገር ስሟን የማትናገር ሴት ልትሰማው ነው።

ከዛ «እኔ የታመሙ ሰዎችን እየዞርኩ አያለሁ፣ ከሚስቴ ጋር እዚሁ አትላንታ ነው የምኖረው» አለችኝ።

«ከምን?»

«እሱ ነው እናቴ። እሱ የሚለውን እንደሱ ሆኜ ነው የምናገረው።»

እሺ አልኩና ወደ ስልኩ ተጠጋሁ፣ ድምፄን ቀነስ አድርጌ እንደ ልጄ ለመንኳት። «ልጄ፣ ሽማግሌው ሕመሙን አያውቅም። ይሄ ሰውዬ ሞት ምናምን ካለ አንቺ በሌላ ቃል አዙሪልኝ። አላህ ይስጥሽ።»

ወዲያው በእንግሊዝኛ ዘረገፈችው።

«ምን አልሽው?»

«ያሉትን ነው እናቴ።»

«ለሱ እኮ አይደለም የነገርኩት፣ ላንቺ ነው።»

«የሰማሁትን ሁሉ መተርጎም ግዴታዬ ነው» አለች፣ ይሄንንም ተረጎመችለት።

ሰውየው ግን አልተቆጣም። ቀስ ብሎ ተናገረ፣ እሷም «እሱ ማወቅ የማይፈልገውን እኔ አልነግረውም። ከጠየቀኝ ግን አልዋሸውም» አለችኝ። ያቺን ሁለተኛዋን ነገር ያዝኩበት።

ከዛ ወዲያ በመጣ ቁጥር ዘብ ቆምኩ። ምስር ይዤ አልጋው ግርጌ እቀመጣለሁ፣ እለቅማለሁ፣ አንድ ቃል አታመልጠኝም። እነሱ ግን የሚያወሩት ስለ ከባድ መኪና ነው። አያትሽ የደሴ አሰብን መንገድ ዕድሜውን የነዳ ሰው ነው፣ የሰውየውም አባት የጭነት መኪና ይነዳ ኖሯል። ፍሬን ሲግል ምን እንደሚሸት፣ ቁልቁለት ላይ ማርሽ እንዴት እንደሚያዝ፣ ኤሊዳር ሲደርሱ ሙቀቱ። ስልኩ ውስጥ ያለችው ልጅ ማርሹን ስትተረጉም ላቧ ጠብ ሳይል አይቀርም። አይሰብክ፣ አይጸልይ፣ ስለ ፈጣሪ አያነሳ። እንዲህ ሲሆን ይበልጥ ጠረጠርኩት። ሊያጠምድ የመጣ ሰው መጀመሪያ ያላምዳል።

አንድ ቀን የዙህር ሶላት ደረሰ። አሁን ይሄዳል ብዬ ስጠብቅ «ልውጣ ወይስ ልቀመጥ?» አለ። አያትሽ «ተቀመጥ» አለው። አልጋው ላይ ሆኖ በምልክት ሰገደ፣ ሰውየውም አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ። እኔ ሶላቴን ትቼ ከንፈሩን ነው የማይ፣ ይንቀሳቀስ እንደሆነ። አልተንቀሳቀሰም።

ከዛ አያትሽ ጀመረኛ። «ያ ረጅሙ መቼ ነው የሚመጣ?»

«ለምን ፈለግከው?»

«ያዳምጣላ።»

«እኔስ አላዳምጥም?»

«አንቺማ ሳልጨርስ ‹ተሽሎሃል› ትይኛለሽ።»

ያን ሰውዬ የዛን ዕለት ጠላሁት።

በሌላ ሳምንት ሰውየው ሲመጣ አያትሽ «ምስሩን ይዘሽ ኩሽና ሂጂ፣ ከዚህ ሰው ጋር የማወራው አለኝ» አለኝ። በእንግዳ ፊት። ከልጅነቴ ጀምሮ አብሬው የኖርኩትን ሴት። ወጣሁ። ስልኩን ደረቱ ላይ አድርገው ድምፁን ቀነሱት፣ ሹክሹክታ እንጂ ቃል አይሰማ። አንዴ አያትሽ ሲስቅ ሰማሁት። ሰውየው ሲወጣ ፊቱን አየሁት፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለልኝና ሄደ።

«ምን አወራችሁ?»

«ስለ መኪና።»

ከሰዓት የአስር ሶላቱን ሰግዶ ሲያበቃ ጠራኝ። «ሰው ጥሪልኝ። እሁድ ይምጡ። ዑምራ ልሄድ ነው፣ ልሰናበት።»

ከአልጋው ወርዶ ሽንት ቤት መድረስ የማይችል ሰው ነው። መካ። በአፍንጫው ኦክስጅን ተሰክቶ። «እሺ» አልኩና መታጠቢያ ቤት ገባሁ፣ ውሃውን ከፍቼ አለቀስኩ። ከዛ ለእናትሽ ደወልኩ፣ ሥራ ላይ። «አንዳች ነገር አድርገውታል።»

«እማ፣ ሜዲሲኑ ይሆናል፣ ኮንፊውዝ ያደርጋል» አለች። ነርሷ ተጠርታ መጣች፣ ቀኑን ጠየቀችው፣ ከተማውን ጠየቀችው፣ የልጁን ስም ጠየቀችው። ሁሉንም ልክ መለሰ። እንዲያውም አስተርጓሚውን «ልጄ፣ የመጨረሻዋን ጥያቄ ደህና አልተረጎምካትም» አለው። መድኃኒቱ አይደለም።

ያኔ ገባኝ መሰለኝ። መስጊድ አንዲት ሴት ነግራኝ ነበር፣ ሆስፒሶች ሰው መጨረሻው ሲደርስ የሚወስዱበት ቤት አላቸው ብላ። በእንቢታ እንዳያስቸግራቸው ጉዞ ነው ብለው አታለውታል። ወንበሩ ላይ አድርገው ሲያወጡት መካ የሚሄድ ይመስለዋል። የሃይማኖት ሰው የሚልኩት ለዚህ ነው፣ ሽማግሌ የሚያምነውን አጥንቶ የሚያምነውን እንዲነግረው።

ሰውየው ሲመጣ በር ላይ ያዝኩት። አስተርጓሚው ወንድ ነበር የዛን ቀን።

«ባሌን የት ልትወስደው ነው?»

«የትም አልወስዳቸውም።»

«ዑምራ ትሄዳለህ ያልከው አንተ ነህ?»

«እኔና እሳቸው የተነጋገርነውን ልነግርዎ አልችልም። የሳቸው ነው። እሳቸውን ይጠይቋቸው።»

«ጠየቅኩት። ስለ መኪና ነው አለኝ።»

ሰውየው ሳቁን ዋጠው። ሳቁን የዋጠው እኔን ሊያቃጥለኝ ነው ብዬ ያዝኩበት። «ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ቤት አትምጣ» አልኩት።

«እሺ። ግን ይሄን የሚወስኑት እሳቸው ናቸው። ልጠይቃቸው?»

አያትሽ ከሳሎን ሁሉን ይሰማ ኖሯል። «ስንብቱ ላይ ይምጣ በይው» አለ። «ጠርቼዋለሁ።»

ሰው መጥራቱ ለኔ ቀረ። ምን ብዬ? የማይነሳ ሰው ሊነሳ ነው ብዬ? አፈርኩ። ስልኩን ይዤ «ዑምራ ሊሄድ ነው፣ እሁድ አውፍ ልትባባሉ ኑ» እላለሁ፣ እስኪስቁ እጠብቃለሁ። የሳቀ የለም። አንዱም «በዚህ ሕመሙ?» አላለኝም። «ማሻአላህ፣ በስንት ሰዓት?» ነው የሚሉ። ይሄም አስጠረጠረኝ። ሁሉም ያውቃሉ ማለት ነው። ማን ነገራቸው? ያቺ ስሟን የማትናገር አስተርጓሚ ናት ብዬ ቁርጥ አደረግኩ።

አውፍ ማለት ይቅርታ ነው፣ ለማያውቀው ጻፊለት። መካ የሚሄድ ሰው ከመነሳቱ በፊት የሚያውቀውን ሰው ሁሉ አውፍ በሉኝ ይላል፣ ያስቀየመውንም ያላስቀየመውንም። የሰው ሐቅ፣ የሰው ዕዳ ተሸክሞ አይኬድም። የተጠየቀውም አውፍ ብያለሁ፣ አንተም አውፍ በለኝ ይላል። መንገደኛ ሁሉ እንዲህ ነው የሚሸኝ።

እሁድ ቤቱ ሞላ። ራስጌውን ከፍ አድርጌለት ነጭ ኮፍያውን አደረገ፣ ፂሙን እናትሽ አስተካከለችለት። አንድ አንድ እያሉ አጠገቡ ይቀመጣሉ። እኔ ኩሽና በር ላይ ቆሜ አያለሁ።

ከላይኛው ፎቅ የምትኖረው የኛው አገር ሴት መጣች፣ ክርስቲያን ናት፣ ነጠላዋን አጣፍታ። «እኔ የናንተን ወግ አላውቅበትም። ግን ይቅር ብያለሁ፣ አንተም ይቅር በለኝ» አለችው።

«አንቺ ምን አድርገሽኝ?»

«ኧረ ስንቴ አምቼሃለሁ።»

«ምን ብለሽ?»

«እሱን አሁን ብነግርህ ይቅር አትለኝም።»

ሳሎኑ ሳቀ። እሷም ስቃ ተነሳች፣ እኔ ጋ ስትደርስ ነጠላዋን ፊቷ ላይ አደረገች።

ከሷ ኋላ ኬኔሶ ታክሲ የሚነዳው ሰውዬ ገባ። በወጣትነቱ የአያትሽ ረዳት ነበረ፣ መኪናው ላይ። ተጣልተው ነው የተለያዩ፣ እዚህ አገር ተገናኝተው እንኳ ከአንገት በላይ ነበር ሰላምታቸው።

«ሹፌር፣ ለጉዞ ተነሳህ አሉኝ።»

«ተነሳሁ። አንተን ግን ረዳት አድርጌ አልወስድህም።»

«ድሮስ ባቲ ላይ ጥለኸኝ ሄደህ የለ? በእግሬ ነው እኮ ኮምቦልቻ የገባሁት።»

«ጎማውን ሳትፈትሽ ፈተሽኩ ብለኸኝ ነዋ።»

«ፈትሼ ነበር።»

«አልፈተሽክም።»

ሰውየው መሬት መሬት አየ። «እሺ፣ አልፈተሽኩም።»

«እሱን ለማለት ይሄን ያህል ዘመን?» አለና አያትሽ እጁን ዘረጋለት። «አውፍ በለኝ።»

«እኔ ነኝ እንጂ» አለና ትከሻውን ሳመው። ከዛ ኩሽና መጥቶ ፊቱን ወደ ፍሪጁ አዙሮ ቆመ።

ቆሜ ሳይ ሳለሁ አንድ ነገር አስተዋልኩ። በየት በኩል ነው የምትሄደው ያለ የለም። የበረራውን ቀን የጠየቀ የለም፣ ሻንጣህ የታለ ያለ የለም። ዑምራ የሚሄድ ሰው መጀመሪያ የሚጠየቀው ይሄንን ነው። እነሱ ግን እጁን ይዘው «ዱዓ አርግልን» ብቻ ነው የሚሉት፣ ከዛ ኮሪደሩ ላይ ወጥተው ያለቅሳሉ፣ እንባቸውን ጠርገው ተመልሰው ይስቃሉ። ማንም አልተታለለም። እሱም አልተታለለም። ለታመመ ሰው ልትሞት ነው አይባልም፣ የታመመውም ልሞት ነውና አውፍ በሉኝ ብሎ ቤተሰቡን አያስደነግጥም። እኔ በየጠዋቱ ተሽሎሃል ስለው ይቺን በር ነው የዘጋሁበት። እሱ ሌላ በር ፈልጎ ወጣ።

ረጅሙ ሰውዬ ዘግየት ብሎ መጣ። ጫማውን አወለቀ፣ ቦታ ስላልነበረ ወለሉ ላይ ከሰው ጋር ተቀመጠ፣ ተራውን ጠበቀ። ሲደርሰው ስልኩን አልጋው ላይ አደረገ።

«ብዙ አስለፈለፍኩህ። አውፍ በለኝ» አለው አያትሽ።

ስልኩ ውስጥ ያለችው አስተርጓሚ ቃሉን አላወቀችውም። «ይቅርታ አባቴ፣ አውፍ ሲሉ…»

አስረዳት። አስረዳችው። ሰውየውም በሁለት እጁ የአያትሽን እጅ ይዞ «አውፍ» አለ፣ በራሱ አፍ። ዓይኑ እንባ ሞልቶ ነበር። እኔ ደሞዝ የሚከፈለው ሰው እንባ እንዴት ነው ብዬ ትኩር ብዬ አየሁት። አየሁት እንጂ አላወቅኩትም።

እናትሽ እስከዛሬ የዑምራውን ዘዴ ያገኘለት ረጅሙ ሰውዬ ነው ትላለች። ለቤተሰብህ መናገር ያቃተህን ነገር አገራችሁ ሰው መቼ ነው የሚናገረው ብሎ ጠይቆት ይሆናል ትላለች። እኔ አልቀበልም። አሰብ ድረስ የኮንትሮባንድ ጨርቅ ደብቆ የሚያመላልስ ሰው ዘዴ ከሌላ አይለምንም።

ሰው ሁሉ ሲሄድ «አንቺ ቀረሽ» አለኝ።

«ምኑ?»

«አውፍ በይኝ።»

«ስትመለስ እልሃለሁ።»

አየኝ። በማግስቱ ሻይ ሳጠጣው «ቪዛዬ አንቺ ጋ ነው የተያዘ» አለኝ። «ተጣርቶ ይነገርሃል» አልኩት። ሳቀ፣ ሳቁ ሳል ሆነበት። በሌላውም ቀን «ዛሬስ ወጣ?» ይላል፣ «ዛሬ አይሠሩም» እለዋለሁ። በጨዋታ እንለፈው እንጂ እኔ የምሬን ነበር። ሰው አውፍ ሳይባል አይሄድም ካሉ፣ እኔ ካልኩት የሚሄድ፣ ካላልኩት የማይሄድ መሰለኝ። ሁሉም ሰጥተውት ጨርሰዋል፣ የቀረው የኔው ነው፣ በሱ ያዝኩት። የሞኝ ነገር ይመስላል፣ ያኔ ግን ነርሷ ከምትሰጠው ሁሉ እሱ የሚያቆየው ይመስለኝ ነበር።

መድኃኒቱን ጨመሩለት። እንቅልፍ አበዛ፣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ መጣ። ሲነቃ ይጠይቀኛል፣ ቃሉ አጥሮ «ወጣ?» ብቻ ሆነ። እኔም ራሴን እነቀንቃለሁ።

አንድ ጠዋት ነቅቶ ጣሪያውን ሲያይ አገኘሁት። ለሶላት የሚታጠብበትን የውዱ ውሃ አመጣሁ፣ ፊቱን አበስኩለት፣ እጁን አበስኩለት። ይጠይቀኛል ብዬ ጠበቅኩ። አልጠየቀኝም። እግሩን አበስኩ፣ አልጠየቀኝም። ተስፋ ቆርጦ ነው እንጂ ረስቶ አይደለም፣ እኔ እሱን አውቀዋለሁ። ዝም ብሎ ሊሄድብኝ ነው፣ በጉሮሮው ይዞት። ከሞቱ ይልቅ ያ አስፈራኝ።

ፎጣውን አስቀመጥኩና «አውፍ ብያለሁ» አልኩት።

ዓይኑን መለሰልኝ። «ከልብሽ ነው?»

«ከልቤ ነው።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም። የአሰቧንም ሴት።»

«የአሰብ ሴት አልነበረችም እኮ።»

«አውፍ ካልኩህ በኋላ ምን ያስክድሃል?»

ሳቀ፣ ትከሻው ብቻ ነው የሳቀው፣ ድምፅ የለውም። ነበረች አልነበረችም አላህ ይወቅ፣ እኔ ግን ተውኩለት።

«አንተም አውፍ በለኝ» አልኩት።

«በምኑ?»

«እስካሁን ስለያዝኩህ።»

«እሱንማ ወድጄው ነው» አለ። «አውፍ ብያለሁ።»

እጄን ፈለገ፣ ሰጠሁት። ብዙ ቆይቶ «አሁን ንገሪኝ» አለኝ።

«ምኑን?»

«ሐኪሟ ያለቻችሁን።»

ነገርኩት። ሳልጨምር ሳልቀንስ፣ ሆስፒታል ያሉትን፣ እናትሽ መኪና ውስጥ መሪውን ይዛ የነገረችኝን፣ አልጋው ለምን እንደመጣ፣ ውሃው ውሸት እንደነበረ። ዓይኑን ጨፍኖ እስከ መጨረሻው ሰማኝ። ስጨርስ እጄን ሳይለቅ፣

«ይሄን ሁሉ ብቻሽን ይዘሽው ነበር?» አለኝ።